ኮረንቲ የማያሳልፈው ነጭ አካል

ከተሞክሮዬ

ሉማሜ የአዋበል ወረዳ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚዘልቀው መንገድ መሃሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ከጎሃ ጽዮን ፍሬን እየረገጠ የወረደ መኪና ዓባይን በህዳሴ ድልድይ ይሻገራል፣ የደጀንን አቀበት በከባድ ማርሽ ይወጣል፣ ሞተሩ እንደጋለ እኛ ዘንድ ይደርሳል። የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝና ብዙው ሥራዬ የሚጀምረው ያ አቀበት ካለቀ በኋላ ነው።

ሙያውን ስጀምር ዓይኔ መዳብና ብረት ላይ ነበር፤ የተበጠሰ ሽቦ፣ የዛገ ማሰሪያ፣ የሞተ ባትሪ። ዛሬ አስቀድሜ የማየው ነጩን ሴራሚክ ነው፤ ካንዴላው ወገብ ላይ የሚታየውን፣ ኦክስጂን ሴንሰሩ ሆድ ውስጥ የተደበቀውን። ሥራው አንድ ነው፦ ኮረንቲ መሄድ በሌለበት በኩል እንዳይሄድ መከልከል። ደህና ሳለ ማንም አያስበውም፤ ሲሰነጠቅ ግን ጥፋቱ በሌላ ዕቃ ይላከካል። በዚህ መንገድ ላይ ለሚሠሩ ወጣት መካኒኮችና ለባለመኪናዎች ይጠቅማል ብዬ የማምነውን እነሆ።

1. «ኮረንቲ አያሳልፍም» ሲባል «መቼ?» ብሎ መጠየቅ

ሙያ ስንማር ዕቃዎች ለሁለት ተከፍለው ተነገሩን፤ መዳብና ብረት ያሳልፋሉ፣ ሸክላ፣ መስታወትና ሴራሚክ አያሳልፉም። ጋራዥ ውስጥ ይህ ክፍፍል ብዙም አይዘልቅም።

ኦክስጂን ሴንሰርን እንይ። ዋናው አካሉ ዚርኮኒያ የሚባል ሴራሚክ ነው፤ ይትሪያ የሚባል ሌላ ኦክሳይድ ተደባልቆበታል። ቀዝቃዛ ሳለ ኮረንቲ አያሳልፍም። ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ግን የኦክስጂን አየኖች ውስጥ ለውስጥ ይጓዙበታል። አንዱ ገጹ ከሞተር የሚወጣውን ጭስ፣ ሌላው ገጹ የውጭውን አየር ይነካል፤ ሁለቱም ገጽ ስስ ፕላቲነም ለብሷል። በሁለቱ ወገን ያለው ኦክስጂን ሲበላለጥ ቮልት ይፈጠራል። ነዳጅ ሲበዛ ወደ 0.9 ቮልት ይወጣል፣ አየር ሲበዛ ወደ 0.1 ይወርዳል። የሞተሩ ኮምፒውተር ነዳጁን የሚመጥነው ይህችን ትንሽ ቮልት እያየ ነው።

ቦሽ ይህን ሴንሰር መጀመሪያ ቮልቮ መኪና ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። የያኔዎቹ ሴንሰሮች የሚግሉት በጭሱ ሙቀት ብቻ ስለነበር ጠዋት ሞተር ሲነሳ እስኪሞቁ ድረስ ምንም አይናገሩም ነበር። ስለዚህ ቆይቶ ማሞቂያ ተጨመረላቸው፤ ችግሩም አብሮ መጣ። ማሞቂያው በ12 ቮልት ይሠራል፤ ሴንሰሩ የሚናገረው ከ1 ቮልት በታች ነው፤ ሁለቱ ጣት በማታክል ዕቃ ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ጠፍጣፋ በሆኑት አዳዲስ ሴንሰሮች ደግሞ ማሞቂያውና ዚርኮኒያው ተደራርበው አንድ ላይ የተተኮሱ ናቸው። የጋለ ዚርኮኒያ አሳላፊ መሆኑን አንርሳ፤ በመሃል ከልካይ ባይኖር የማሞቂያው ኮረንቲ ሾልኮ ይገባና ሴንሰሩ የውሸት ቮልት ያወጣል። ከልካዩ የአሉሚና ሽፋን ነው። አሉሚና በዚያ ሙቀትም ኮረንቲን ይከለክላል።

ይሁን እንጂ ዚርኮኒያና አሉሚና ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፤ ዚርኮኒያው ይበልጣል። ተጣብቀው በየቀኑ ሲግሉና ሲቀዘቅዙ ከርመው መሰንጠቅ ይመጣል። ሠሪዎቹ መላ ያገኙት ከመስታወት ነው። ከአሉሚናው ዱቄት ጋር ሲተኮስ ቀልጦ መስታወት የሚሆን ማዕድን ይደባልቃሉ፤ እሱ ጥቃቅኑን ቀዳዳ ይሞላል፣ በሁለቱ መካከል ያለውን መሳሳብ ያለዝባል። ታዲያ የተገኘ መስታወት ሁሉ አይሆንም። የመስኮት መስታወት ሶዲየም አለበት፤ ሲግል ሶዲየሙ መንቀሳቀስ ይጀምርና መስታወቱ ራሱ ኮረንቲ አሳላፊ ይሆናል። ስለዚህ ሶዲየምና ፖታሲየም የሌለበት ዓይነት ይመረጣል።

ይህን ከተረዳሁ ወዲህ አንድ ሴራሚክ ፊት ስቆም አራት ነገር እጠይቃለሁ፦ ምን ያህል ግሏል? እርጥብ ነው? ቆሽሿል? ስንት ሜትር ከፍታ ላይ ነው? ከሚከተሉት ትምህርቶች አብዛኞቹ ከእነዚህ ጥያቄዎች የወጡ ናቸው።

2. ሴንሰሩ የሚያወራው ስለ ኦክስጂን ነው፤ ስለ ነዳጅ አይደለም

ከሁሉም በላይ ለወጣቶቹ ደጋግሜ የምነግራቸው ይህንን ነው፤ የብዙ ሰው ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና።

አንድ የቪትዝ ባለቤት መጥቶ «አያ፣ ይቺ ቼክ ኢንጂን መብራት ትጥፋልኝ እንጂ ሌላው ይቅር፤ ሴንሰሩን ቀይርልኝ» አለኝ። ሌላ ቦታ ሴንሰሩ ሞቷል ተብሏል። ስካነሩ የሚለው ፒ0171 ነው፤ አየር በዝቷል፣ ነዳጅ አንሷል ማለት ነው። ሰውየው የሚያማርረው ግን መኪናው ነዳጅ መብላቱን ነው። ነዳጅ አነሰው የተባለ መኪና እንዴት ነዳጅ ይበላል?

ሲመሽ ኮፈኑን ከፍተን ሞተሩን አስነሳነው። ከአንዱ ካንዴላ ጎን ሰማያዊ ብልጭታ በየመሃሉ ታየ። አውጥቼ ሳየው ነጩ ሴራሚክ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አለ። ኮረንቲው ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ እሳት መስጠት ሲገባው፣ በስንጥቁ አቋርጦ ወደ ሞተሩ አካል ይዘላል። ያ ሲሊንደር በነጠቀ፣ ማለትም እሳት ባጣ ቁጥር፣ ያልተቃጠለው አየር ከነኦክስጂኑ ወደ ጭስ መውጫው ይሄዳል። ሴንሰሩ ያየውን ይናገራል፦ ኦክስጂን በዝቷል። ኮምፒውተሩ ሴንሰሩን አምኖ ለሁሉም ሲሊንደር ነዳጅ ይጨምራል። የተረፈው ነዳጅ ጭስ መውጫው ላይ ያለው ካታሊስት ውስጥ ገብቶ ይነዳል፤ ካታሊስቱም የማር እንጀራ የሚመስል ቀዳዳ ቀዳዳ ሴራሚክ ስለሆነ ሙቀቱ ሲበዛበት ይቀልጣል። እንዲህ አንዲት የካንዴላ ስንጥቅ ሦስት ዕቃ ታስከስሳለች። ሴንሰሩ ግን እውነቱን ነበር የተናገረው።

ከሴንሰሩ በፊት ያለ የጭስ ቱቦ ስንጥቅም ይህንኑ ያደርጋል። በኮረኮንች መንገድ የተመታ፣ በብየዳ የተጠገነ ቱቦ ካለ የውጭ አየር እየሳበ ሴንሰሩን ያሳስታል። ሴንሰር ከመቀየሬ በፊት ካንዴላውን፣ የካንዴላውን ጎማ ሽፋንና ቱቦውን አያለሁ።

3. ካንዴላ በሽቦ ብሩሽ አይጠረግም

የካንዴላ ሴራሚክ በአብዛኛው አሉሚና ነው፤ 1,600 ዲግሪ ገደማ ላይ ይተኮሳል፤ ከ20,000 ቮልት በላይ ይችላል። ይህን ሁሉ የሚችለው ግን በውፍረቱ ነው። ገጹ ላይ ኃላፊው ንጽህና ነው። ከላይ የሚታዩት ቀለበት ቀለበት የሆኑ ሸንተረሮች ለውበት አልተሠሩም፤ ኮረንቲው በገጹ ላይ ተስቦ እንዳይሻገር መንገዱን ያስረዝማሉ።

የሽቦ ብሩሽ ጥላሸቱን ያነሳል፤ ነገር ግን ከብረቱ ጥቂት እየተፋቀ ሴራሚኩ ላይ ይቀራል። ዓይን በቅጡ የማያየው ያ ጭረት ለኮረንቲ መንገድ ነው። ካንዴላው ተጠርጎ ሲገባ ለጥቂት ቀን ይሻለዋል፤ ከዚያ ይነጥቃል። ጥላሸት ራሱ ካርቦን ስለሆነ ያሳልፋል። ሊጠፋ የሚችለው የካንዴላው ጫፍ 500 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ያኔ ራሱን ያጸዳል። ከመናኸሪያ ገበያ፣ ከገበያ መናኸሪያ ብቻ የሚመላለስ ባጃጅ ግን ካንዴላው እዚያ ሙቀት ሳይደርስ ይውላል። ለባጃጅ ነጂዎቹ ልጆች የምሰጠው ምክር በሳምንት አንዴ ወደ ደጀን ወይም ወደ ማርቆስ አቅጣጫ ረዘም አድርገው እንዲነዱ ነው። መከልከያው በደንብ በሚለካ ሜትር ሲታይ ከ10 ሜጋኦም በታች ከወረደ ካንዴላውን እቀይራለሁ።

4. ቡናማው ቀለበት ጥፋት የለበትም

ብረቱና ሴራሚኩ የሚገናኙበት ላይ ቡናማ ቀለበት ሲያዩ «ጋዝ ያስወጣል» ብለው ደህና ካንዴላ የሚጥሉ አሉ። ቀለበቱ ግን ከፍተኛው ቮልት በዙሪያው ያለውን የዘይት ብናኝ ወደ ሴራሚኩ ስቦ ያጣበቀው ነው። ካንዴላው ውስጥ ጋዝ እንዳይሾልክ የሚይዘው ሌላ ነው፤ መሃል ላይ ከመዳብ ዱቄት ጋር ቀልጦ የፈሰሰ መስታወት አለ፤ እሱ ኮረንቲውን ወደታች እያሳለፈ ጋዙን ወደላይ አያስወጣም። መፍራት ያለብን ቀጥ ብሎ የወረደ ጥቁር መስመርን ነው፤ ያ እሳቱ በውጭ በኩል የዘለለበት ዱካ ነው።

5. ከፍታ ከልካዩን ያዳክማል

ሉማሜ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። በእኛ ደጋ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሳሳ ያለ አየር ኮረንቲን የመከልከል ኃይሉም ይሳሳል። የኤሌክትሪክ መሥመር ባለሙያዎች ይህን ያውቁታል፤ ምሰሶ ላይ የሚታሰሩትን ስኒዎች ሲመርጡ ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ በ1 በመቶ ገደማ አቅም እንደሚቀንስ ይቆጥራሉ። እኛም ጋራዥ ውስጥ ያው ሕግ ይገዛናል። ቆላ ላይ ደህና የሚሠራ የደረቀ የካንዴላ ጎማ እዚህ ሲደርስ እሳቱን በውጭ ሊያስዘልል ይችላል። ካርቡራተር ያላቸው ሞተሮች ደግሞ አየሩ ሲሳሳ ነዳጅ ስለሚበዛባቸው ካንዴላቸው ቶሎ ይጠቁራል። ሁለቱ ተደራርበው ይመጣሉ፦ የሳሳ አየርና የቆሸሸ ሴራሚክ።

ኦክስጂን ሴንሰሩ ግን ለከፍታ አይበገርም። የሚያወዳድረው ጭሱንና የውጭውን አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ሁለቱም አብረው ይሳሳሉ። ከዓባይ ወለል እስከ ሉማሜ ከ1,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ያለ ማስተካከያ ይሠራል። ይህን አሠራር ባሰብኩ ቁጥር ያስደንቀኛል።

6. በጭስ ቱቦ ውስጥ ውኃ አለ

አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውኃ ይወጣዋል። ሞተሩ ሲሞቅ በእንፋሎት ይሄዳል፤ በብርዳማ ጠዋት ግን ቀዝቃዛው ቱቦ ውስጥ ጠብ ጠብ እያለ ይጠራቀማል። የጋለ ሴራሚክ ላይ አንዲት ጠብታ ካረፈች ይሰነጠቃል። በዚህ ምክንያት የብዙ መኪኖች ኮምፒውተር ቱቦው እስኪሞቅ ድረስ የሴንሰሩን ማሞቂያ በሙሉ ኃይል አያበራም።

ታዲያ ፒ0135 የሚለው የማሞቂያ ኮድ ሲመጣ መብራቱን ለማጥፋት ብለው ማሞቂያውን ከኮምፒውተሩ ነጥለው ከቁልፉ ቀጥታ የሚያያይዙ አሉ። ቁልፍ እንደተከፈተ ሴራሚኩ ይግላል፤ ውኃው ገና ቱቦው ውስጥ ነው። እንዲህ የተሠራ መኪና በክረምት ጠዋት አዲስ ሴንሰር ሲሰነጥቅ አይቻለሁ። የመጣው ኮድ የሚጠይቀው ፊውዙንና ሽቦውን መለካት ነው፤ የማሞቂያውን ኦም መለካት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ክረምት ላይ ሌላም አለ። አቀበቱን ወጥቶ የጋለ መኪና ኩሬ ውስጥ በፍጥነት ሲገባ ውኃው ከታች ቱቦውንና ሴንሰሩን ይመታል። ሹፌሮች ሆይ፣ በሐምሌና በነሐሴ ኩሬ ስታዩ ፍጥነት ቀንሱ።

7. ሴንሰሩ ይተነፍሳል

የውጭው አየር ወደ ሴንሰሩ የሚገባው በብዙዎቹ ላይ በራሱ ሽቦዎች ውስጥ፣ በመዳብ ክሮቹ መካከል ነው። ለዚህ ነው የኦክስጂን ሴንሰር ሽቦ በሊድ የማይበየደው፤ ብየዳው የአየሩን መንገድ ይደፍነዋል። ሽቦ መቀጠል ግድ ከሆነ ተጨምቆ በሚይዝ ማያያዣ ይቀጠላል። ሶኬቱ ውስጥም ግሪስ አይገባም። ጥርሱ ላይ የሚቀባው ለሴንሰር የተሠራው ቅባት ብቻ ነው፤ ጫፉን ፈጽሞ መንካት የለበትም።

8. ተራው ሲሊኮን ገዳይ ነው

ጓርኒሲዮን ሲቀየር ሲሊኮን መቀባት የተለመደ ነው። ለሴንሰር የማይስማማው ዓይነት ሲደርቅ የሚያወጣው ተን ሞተሩ ውስጥ ይቃጠልና የሴራሚኩን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነጭ ሆኖ ይደፍናል። ድሮ ይህን የሚያደርገው ቤንዚን ውስጥ የነበረው እርሳስ ነበር። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን እ.ኤ.አ. እስከ 2006 መጀመሪያ ለማስቀረት በ2001 ዳካር ላይ ተስማምተው አደረጉት። የሴንሰሮችን ሕይወት ያራዘመ፣ ከዚያም በላይ የሕፃናትን አእምሮ ከመርዝ ያዳነ ውሳኔ ነው። ካርቶኑ ላይ ለኦክስጂን ሴንሰር እንደሚስማማ የተጻፈበትን ሲሊኮን ግዙ።

9. የወደቀ ሴንሰር አይታሰርም

ውጩ ብረት ነውና ጠንካራ ይመስላል። ውስጡ ሴራሚክ ነው፤ ሲሚንቶ ወለል ላይ ከወደቀ ውጩ ጭረት ሳያሳይ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል።

10. ምጣዱም ከዚህ አይለይም

አንዲት ጎረቤታችን በክረምት መጥተው «ወንድሜ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ነዘረኝ፤ ሽቦው ተበላሽቶ ይሆን?» አሉኝ። «እትዬ፣ ስንት ጊዜ ሳይጋገርበት ቆየ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሰንበትበት ብሏል» አሉኝ። ሽቦውን ለካሁት፤ ደህና ነው። ሸክላው ነበር እርጥበት የጠጣው።

የሸክላ ምጣድ ከታች ቦይ ቦይ ተደርጎ የሚግለውን ሽቦ ይይዛል፤ በላዩ ሊጥ ይፈስበታል። በሽቦውና በጋጋሪዋ እጅ መካከል ያለው ከልካይ ያ ሸክላ ነው። የእኛ ሸክላ ሠሪዎች የሚተኩሱት ከአሉሚና ፋብሪካ እጅግ ባነሰ ሙቀት ስለሆነ ሸክላው ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል፤ ደረቅ ሲሆን ይከለክላል፣ እርጥብ ሲሆን ያሾልካል። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር የሚያሟሹት እንጀራው እንዳይዝ ነው፤ ዘይቱ የላይኛውን ቀዳዳ መድፈኑም አይቀርም። የታችኛው፣ ሽቦው ያለበት ገጽ ግን እንደተከፈተ ነው። ስለዚህ ሰንብቶ የሚበራ ምጣድ ሰው ሳይነካው ግሎ እርጥበቱን ይጨርስ፤ ማጥፊያው ተጠፍቶ ይጠረግ፤ የምጣዱ ብረት ከመሬት ሽቦ ጋር ይታሰር። የመሬት ሽቦ የሌለው ምጣድ በጉንጉን ሽቦ ከሶኬት ጋር ተያይዞ ሳይ ልቤ ይደነግጣል፤ አራት ኪሎዋት ገደማ የሚስብ ዕቃ ነው። የመሬት ሽቦ ማሰሩን በነፃ እሠራለሁ፤ ሌሎች ባለሙያዎችም በየሠፈራቸው እንዲሠሩ እለምናለሁ።

11. የከሰል ጭስ ጠቋሚ ሞቆ ነው የሚታመነው

በደጋ ብርድ በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ መተኛት ሰው ይገድላል። ይህን አደጋ ለመጠቆም ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው የሚጠቀሙባቸው ትናንሽ ጋዝ ጠቋሚዎች ጃፓናዊው ናኦዮሺ ታጉቺ እ.ኤ.አ. በ1962 ካስመዘገበው ፈጠራ የወረዱ ናቸው። ብዙዎቹ ውስጥ የአሉሚና ቱቦ አለ፤ በቱቦው ውስጥ የማሞቂያ ሽቦ፣ በውጩ ቲን ኦክሳይድ የተባለ ዱቄት። አሁንም አሉሚናው ማሞቂያውን ከሚናገረው ክፍል ይለያል። አዲሱ ጠቋሚ ሰዓታት ሞቆ ሳይረጋ የሚያሳየው ቁጥር አይታመንም፤ በእርጥበትም ይለዋወጣል። ለትምህርት ደስ የሚል ነገር ነው፤ ለሕይወት ግን መስኮት ከፍቶ ከሰሉን ማውጣትን የሚተካ የለም።

12. ያሉንን መኪኖች እናቆያቸው

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ አሁን መንገድ ላይ ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። ማሞቂያ ያለው ሴንሰር በደህና አያያዝ 160,000 ኪሎሜትር ገደማ ያገለግላል ተብሎ ይሠራል፤ ብዙዎቹ መኪኖች ደግሞ ከዚያ አልፈዋል። ያገለገለ መኪና ስትገዙ እነዚህን ጠይቁ።

ሞተሩ ሞቆ፣ 2,500 ዙር ላይ ተይዞ፣ ስካነሩ የፊቱን ሴንሰር ያሳይ። ተራው ዓይነት ከሆነ ቮልቱ በ0.1 እና በ0.9 መካከል ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል፤ አንድ ቦታ ከቆመ ወይም ከተጎተተ አርጅቷል። በብዙ ቶዮታዎች ላይ የፊቱ ሴንሰር ኤር ፉዬል የሚባለው ሌላ ዓይነት ነው፤ እሱ እንዲህ አይመላለስም፤ በተራው ሴንሰር መለኪያ ከታየ ደህናው የሞተ ይመስላል። የትኛው እንደሆነ ሳያረጋግጥ «ቀይረው» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ወደ ሌላ ሂዱ።

ሴንሰሩ ከተቀየረም የሽቦዎቹን ቀለም እዩ። በቦሽ ዓይነቱ ሁለቱ ነጮች የማሞቂያው፣ ጥቁሩ የምልክቱ፣ ግራጫው የመሬቱ ናቸው። በዴንሶ ደግሞ ሁለቱ ጥቁሮች የማሞቂያው፣ ሰማያዊው የምልክቱ፣ ነጩ የመሬቱ ናቸው። ጥቁሩ በአንዱ የምልክት፣ በሌላው የማሞቂያ መሆኑን ሳያስተውል የቀጠለ ሰው 12 ቮልቱን ቀጥታ ወደ ምልክቱ ሽቦ ይልከዋል፤ ያኔ ውስጥ ያለው አሉሚና የቱንም ያህል ደህና ቢሆን አያድንም። ቀጥ ብሎ የሚሰካ ሶኬት ያለውን ከገዛችሁ ይህ ጣጣ አይመጣም፤ ዋጋው ጥቂት ቢበልጥም እሱን ግዙ።